“ልምጣ” የጎደለው ምዕራፍ

አሮጊቷን የገደለቻት አሪቩኮዲ ናት። መግደሏን ያወቀችው ግን አምስት ቀን ቆይታ፣ ፖስተኛው አርባ ሦስት ደብዳቤ በአንድ ጊዜ ጠረጴዛዋ ላይ ሲዘረግፍባት ነው። የመጀመሪያውን ከፍታ አነበበች። ጽሕፈቱ የሕፃን ነው። “አያታችን አንጋዪ ለምን ትሞታለች? እስክትነግሩኝ ድረስ ሩዝ አልበላም” ይላል። ሁለተኛውም፣ አሥረኛውም ከዚህ አይርቅም።

አንጋዪ በሥጋ የተፈጠረች ሰው አይደለችም። በየአሥራ አምስት ቀኑ በሚወጣው መጽሔት ላይ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ሁሉ ቤት በሚውሉበት በበጋው ወራት፣ በተከታታይ የምትወጣ ልብወለድ ባለታሪክ ናት። ዕድሜዋ ሰባ አራት፣ ሥራዋ የጠፈር መርከብ መንዳት ነው። በየቦታው የተጣጣፈችውን መርከቧን እያስነሳች፣ በጨውና በበርበሬ የተዘፈዘፈ ማንጎ በማሰሮ ሞልታ፣ ሳተርንን በሚዞሩት ጨረቃዎች ላይ በረዶ ለሚቆፍሩና የምግብ ጣዕም ለጠፋባቸው ሠራተኞች ታደርሳለች። ከየጨረቃው ስትነሳም በመርከቧ ደጃፍ ዞር ብላ ለሁሉም “ሄጄ ልምጣ” ትላለች።

የሚጽፋት በኩምባኮናም ከተማ የሚኖር ሳራናታን የሚባል ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በየበጋው ጽፏል፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በእሱ ብዕር የሞተ ሰው የለም። ሕመም እንኳ ቢመጣ ሮቦትን ያስነጥሰዋል እንጂ ሰውን አያተኩሰውም። አንድ ክፉ አመል ብቻ አለበት። የተሰጠውን ቦታ ለክቶ መጻፍ አይሆንለትም፣ ሁልጊዜ አራት መስመር ይተርፈዋል። የተረፈውን መቁረጥ የአራሚዋ የአሪቩኮዲ ሥራ ነው፤ በአራሚነት ሠላሳ ዓመት ሠርታለች።

በዚያ ቀን ሦስቱን መስመር እንደ ምንም ቆረጠች። አራተኛውን ልትጨርስ ስትል የጸጉር ዘይት ማስታወቂያ በመጨረሻው ሰዓት መጣና የገጹን ግርጌ ያዘ። አንዲት ቃል ብቻዋን ወደ ታች ተንጠልጥላ ቀረች። አሪቩኮዲ ቀዩን እርሳስ አነሳችና ከ“ሄጄ ልምጣ” ላይ “ልምጣ”ን ሰረዘች፤ “ሄጄ”ን ደግሞ “ሄድኩ” አደረገቻት። መስመሩ ወደ ላይ ወጣ፣ ገጹ ተዘጋ፣ እሷም አሬራዋን ጠጥታ ወደ ቤቷ ሄደች።

በእኛ አገር ከቤት የሚወጣ ሰው “ሄድኩ” አይልም። ጨው ሊገዛ ጥግ ድረስ የሚሄድ እንኳ “ሄጄ ልምጣ” ይላል፤ ሸኚውም “ሄደህ ና” ይለዋል። ሳይመለስ የሚሄድ አስከሬን ብቻ ነው። ይህን አፉን የፈታ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። አሪቩኮዲስ? እሷም ታውቀዋለች፤ ግን ያደገችው ሌላ ቤት ነው። አባቷ ቼዚያን የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ፣ ጥቁር ሸሚዝ ከሚለብሱት፣ በአማልክትም በገድም ከማያምኑት ወገን ነበር። ስሟን እንኳ “የእውቀት ሐረግ” ብሎ ያወጣላት እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ጎረቤት እየሰማው “ሄድኩ” ብሎ ይወጣ ነበር፤ ጎረቤትም ጆሮውን ይይዝ ነበር። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ሰው ጆሮው ቢደነድን ምን ይደንቃል።

ዋና አዘጋጁ ማሲላማኒ ከደብዳቤዎቹ መሃል አንድ ፖስት ካርድ መዞ አቀበላት። ከኩምባኮናም ነው። “በዕድሜዬ ዝንብ ገድዬ አላውቅም። አሮጊቷን የገደለብኝን ሰው ስሙን ብቻ ላኩልኝ” ይላል።

“ስምሽን ልላክለት?” አላት ማሲላማኒ።

“ይላኩለት። አራት መስመር የሚያስተርፍ ሰው ያመጣው ጣጣ ነው።”

“ኮዲ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፊደል ስታስተካክዪ ኖረሽ እንዴት ይህቺ ታልፍሻለች?”

“አላለፈችኝም። ቆረጥኳት። ቃል ናት፤ ቃል ሰው አይገድልም።” እንዲህ አለች እንጂ ፖስት ካርዱን ገልብጣ አስቀመጠችው። የሃያ ሁለት ዓመት ደስታ በአንድ የእርሳስ ጭረት ማበላሸት ለማንም አራሚ ነውር ነው።

ዓርብ ረፋድ ላይ አንድ የካኪ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ቢሮው ደጃፍ ቆመ። አንገቱ ላይ የአውቶቡስ ረዳት ፊሽካ ተንጠልጥሏል። ላቡን በፎጣው እየጠረገ ዙሪያውን አየና አሪቩኮዲን መረጠ፤ ከወንዶቹ ይልቅ ለእሷ መናገር ቀሎት ይሆናል።

“እትዬ፣ ያቺን አሮጊት የሚጽፋት ሰውዬ የታለ?”

“እዚህ የለም። ምን ልርዳህ ወንድሜ?”

“ኢሳኪሙቱ እባላለሁ። ከቲሩነልቬሊ ነው የመጣሁት። ልጄ ኩዛሊ...” ብሎ ፎጣውን ጨበጠ። “አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ። ሰኞ ጠዋት ይደፍኑላታል። አሥራ አንድ ወር የተጠበቀ ቀጠሮ ነው እትዬ። አሁን ግን አልገባም አለች።”

“ፈርታ ነዋ። ማን የማይፈራ አለ?”

“አልፈራችም ነበር። እኔ ስፈራ እሷ ነበረች የምትስቅብኝ። ይህን መጽሔት ካነበበች ወዲህ ነው። አሮጊቷ ‘ሄድኩ’ ካለች እኔም አልገባም አለች። ዶክተሩ ደግሞ እያለቀሰች፣ ልቧ እየዘለለ አላስተኛትም ብሏል። ሰኞ ካልገባች የሚቀጥለው ቀጠሮ ለከርሞ ነው። ለከርሞ ደግሞ...” አልጨረሰውም። “ሰኞ ጠዋት ራሱ የራሁ ሰዓት ነው፤ ከአንድ ተኩል እስከ ሦስት። ክፉ ሰዓት ነው ብዬ ለዶክተር እንዴት እነግረዋለሁ? እሱን ዋጥ አድርጌዋለሁ። ይቺን ግን እሷ አልዋጠችልኝም።”

አሪቩኮዲ ለዚህ ሰው “ቃል ሰው አይገድልም” ልትለው ነበር፤ ተወችው። ቦርሳዋን አነሳች።

“የማተሚያ ስህተት ነው” አለችው ደረጃውን ሲወርዱ። “እኔ እነግራታለሁ።”

የማን ስህተት እንደሆነ አልነገረችውም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእሷ ግን እያወቀችው ነበር ያመለጣት።

በመንግሥት ሆስፒታሉ የልጆች ክፍል ውስጥ የጣሪያው ማራገቢያ ትኩሱን አየር ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ያመላልሳል። ኩዛሊ መስኮቱ ሥር ነበረች። ከዕድሜዋ ያነሰች፣ ከንፈሯ ጠቆር ያለ፣ ዓይኗ ግን ሰው የሚፈትሽ ልጅ ናት። የልብወለዱን አራት ክፍሎች ከየመጽሔቱ ገንጥላ፣ በነጭ ክር ሰፍታ፣ በቀን መቁጠሪያ ካርቶን ለብዳቸዋለች። እንዲህ ያለ ጥራዝ የሌለበት ቤት በእኛ በኩል የለም።

“መጽሔቱ ቤት ነው የምትሠራው” አላት አባቷ።

“ምን ነዎት?” አለች ልጅቱ።

“አራሚ ነኝ። ስህተት እየነቀልኩ የምጥል።”

“ታዲያ ይቺን እንዴት ሳይነቅሏት ቀሩ?”

“የማተሚያ ቤት ስህተት ነው። አሮጊቷ ‘ሄጄ ልምጣ’ ነው ያለችው። ደግሞም የመጨረሻው ክፍል ሲወጣ ትመለሳለች። ሳራናታን ሰው ገድሎ አያውቅም።”

“መመለሷንማ አውቃለሁ” አለች ኩዛሊ፣ ታናሽ እህቷን እንደምታስረዳ ሁሉ። “የበጋ ልብወለድ አይደል እንዴ። ሁሉም ይመለሳል፣ ይበላል፣ ያልቃል። እኔ ያልኩት ሌላ ነው። ስትነሳ እንደማትመለስ ታውቅ ነበር። እዚህ ጋ ጉልበቷን አመማት ይላል። ደክሟታል። የሚያውቅ ሰው ነው ‘ሄድኩ’ የሚል። በኋላ ጸሐፊው ቢመልሳት እሱ የራሱ ጉዳይ ነው።”

አሪቩኮዲ ሠላሳ ዓመት በሙያው ኖራለች፤ እንዲህ ያለ አንባቢ ግን አልገጠማትም።

“ስህተት ከሆነ ወረቀቱ ይኖራላ” አለች ልጅቱ ቀጥላ። “በፊት ‘ልምጣ’ የሚል ከነበረ ያሳዩኝ።”

አባቷ ውሃ ሊቀዳ ወጣ። ልጅቱ እስኪርቅ ጠብቃ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“እናቴም ታውቃለች።”

“ምኑን?”

“ከሦስት ሳምንት በፊት ባቡር ጣቢያ ስንለያይ ‘ሂጂ’ አለችኝ። ‘ሄደሽ ነይ’ አላለችም። ‘ሂጂ’ ብቻ። ሁልጊዜ ትምህርት ቤት ስትልከኝ እንኳ ‘ሄደሽ ነይ’ ነው የምትለው። አባቴ አልሰማም። እንዳይነግሩት።”

አሮጊቷማ ሰበብ ናት። ይህች ልጅ ሦስት ሳምንት ሙሉ የእናቷን አንዲት ቃል ሆዷ ውስጥ ይዛ ተቀምጣ ኖሯል፤ መጽሔቱ ደግሞ መጣና ቃሉን በታተመ ፊደል አረጋገጠላት። የታተመ ነገር ይታመናል። አሪቩኮዲም ያንን እምነት ስትበላ የኖረች ሰው ናት።

“ወረቀቱን አመጣልሻለሁ” አለቻት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሠራተኛው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ለአሮጌ ወረቀት ገዢ የተጠቀጠቁትን ጆንያዎች አንድ በአንድ ዘርግፋ ፈለገች። እጇ በቀለም ጠቆረ፣ ወገቧ ተንቀጫቀጨ። ሦስተኛው ጆንያ ውስጥ አገኘችው። “ሄጄ ልምጣ” ይላል፤ “ልምጣ” ላይ ቀይ ሰረዝ አለ፣ ጎኑ ላይ የእሷ ጽሕፈት። ልትደሰት ሲገባት ወንበር ስባ ተቀመጠችና ደግማ አነበበችው። ከዚያው መስመር ላይ “እጅግ በጣም” የሚል አለ። ከበላዩ “ትንሽዬ” የሚል አለ። ማንኛዋም ቃል ብትቆረጥ መስመሩ ይገባ ነበር። እንኳን ሠላሳ ዓመት የሠራ፣ ገና ትናንት ሥራ የጀመረ ሰው “በጣም”ን ነው የሚቆርጠው።

እሑድ ጠዋት ወረቀቱን አጥፋ ይዛ ሄደች። ኩዛሊ እንደ ዳኛ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ተቀብላ አነበበችው።

“የማን እጅ ነው ቀዩ?”

“የእኔ።”

“ስህተት ነቃይ ነኝ ብለውኝ ነበር።”

“እሷን የተከልኳት እኔው ነኝ። ዓርብ ዕለት ዋሽቼሻለሁ። የማተሚያ ቤት ጥፋት አይደለም። ቦታ አልበቃ አለኝ፤ የጸጉር ዘይት ማስታወቂያ መጣብኝ።”

ልጅቱ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። “በጸጉር ዘይት ነው የሞተችው?”

“በጸጉር ዘይት ነው።”

አባቷ ይህን ሲሰማ ፊቱ ፈካ። ኩዛሊ ግን ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሳችም። ጣቷን መስመሩ ላይ እያስኬደች መጣችና ቆመች።

“ግን ‘እጅግ በጣም’ ይላል እዚህ። ‘በጣም’ን ለምን አልቆረጡም?”

“ዓይኔ ያረፈው እሷ ላይ ነዋ።”

“ ‘ትንሽዬ’ም አለች። ከሁሉም መርጠው ለምን እሷን?”

“እንጃ ልጄ። ቸኩዬ ነበር።”

ልጅቱ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችላት። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፤ ብቻ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ መስኮቱ ዞረች። “እናቴም ያንን ነው የምትለው” አለች ለራሷ ያህል። “ ‘እንጃ ልጄ’ ነው የምትለው ብጠይቃት።”

ኢሳኪሙቱ እስከ በሩ ሸኛት። “እትዬ፣ ትገባለች አይደል?” እያለ ሦስት ጊዜ ጠየቃት። ሦስቱንም ጊዜ “ትገባለች” አለችው፤ በሦስቱም ጊዜ አላመነችበትም።

ለምን እሷን እንደመረጠች ታውቃለች። ወረቀቱን ጆንያው ውስጥ ስታገኘው ነው ያወቀችው፤ ምናልባትም ቀይ እርሳሱን ስታነሳ ታውቅ ነበር። ለማንም ያልተናገረችው ነገር ነው። ለሰው የሚነገርም አይደለም፤ ልቧ ሊከፈት ለተኛች ልጅማ ጭራሽ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ብትነግራትና ልጅቱ ቢብስባትስ? ባትነግራትና ቀጠሮው ቢያልፍስ? ያን ቀን ሙሉ ጓዳዋ ውስጥ ድስት እያነሳች ድስት አስቀመጠች። ለምሳዋ ያቀረበችውን እርጎ በሩዝ ለድመት ሰጠችው። በራሷ በጣም ተናደደች፤ በአባቷም ተናደደች፤ በሳራናታን አራት መስመርም ተናደደች። ሲነጋጋ ሳሪዋን ለብሳ ወጣች።

ሆስፒታል ስትደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ኢሳኪሙቱ ከመቅደስ ባመጣው አመድ ግንባሩን ቀብቶ ኮሪደሩ ላይ ይመላለሳል። ኩዛሊ አረንጓዴ ልብስ አልብሰዋት፣ ጸጉሯን ሁለት ሹሩባ ሠርተውላት፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ነርሷ የእጇን ምት እየቆጠረች ራሷን ነቀነቀች።

“እንዲህ ከሆነች ዶክተሩ አይቀበላትም” አለች። “ሩብ ሰዓት እሰጣችኋለሁ።”

አሪቩኮዲ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

“ለምን እሷን እንደቆረጥኩ ልንገርሽ። ደስ የሚል አይደለም።”

ልጅቱ ዞራ አየቻት።

“አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ‘ሄድኩ’ እያለ ነው ከቤት የወጣ። ሆን ብሎ። በራሁ ሰዓት፣ ድመት መንገዱን ስታቋርጥ፣ ሰው ከኋላ ሲጠራው፤ ‘ሄድኩ’ ይልና ይወጣል። አርባ ዓመት።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ በየቀኑ ተመለሰ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። አንዳንዴ ሙዝ ይዞ።”

“አንድ ቀን ሳይቀር?”

“አንድ ቀን አውቶቡስ አምልጦት ሁለት ሰዓት ላይ መጣ።”

ኩዛሊ ፈገግ ልትል ነበር። “ታዲያ ‘ልምጣ’ ምን አደረገችዎት?”

አሪቩኮዲ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ያዘቻቸው። “ከሦስት ዓመት በፊት ታመመ። እንደዚህ ባለ አልጋ ላይ አድርገው ወደ ውስጥ ሲገፉት ዞር ብሎ ‘ኮዲ፣ ሄጄ ልምጣ’ አለኝ። በሕይወቱ ብሎት አያውቅም ነበር።”

“ፈርቶ ነዋ” አለች ልጅቱ።

“ፈርቶ ነው።”

“እርስዎ ምን አሉት?”

“ ‘ምነው አባባ፣ ዛሬ ደግሞ ከአማኞቹ ገባህ?’ ብዬ ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ።”

“አልተመለሰም?”

በሩ ላይ የቆመው ኢሳኪሙቱ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ዓይኖቹ “አይበሉት እትዬ፣ አይበሉት” ይሏታል። አሪቩኮዲ አየችው። ከዚያ ልጅቱን አየቻት፤ ይህች ልጅ ውሸትን ከመስመር መሃል ለቅማ የምታወጣ ልጅ ናት።

“አልተመለሰም” አለች።

ከኩዛሊ ይልቅ የአሪቩኮዲ እንባ ቀደመ፤ ሦስት ዓመት የቆየ እንባ ነበርና አላስጠነቀቃትም። በሳሪዋ ጫፍ ጠረገችው። “ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ሳያት አልወድም። የትም ባገኛት ዓይኔ ይሸሻታል። እርሳስ በእጄ ይዤ ሳገኛት ደግሞ ቆረጥኳት። ይኸው ነው። የጸጉር ዘይቱ ሰበብ ነው።”

ልጅቱ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የምትጸልይ መስሏት ነበር ነርሷ። እሷ ግን እያሰላች ነው።

“አርባ ዓመት ‘ሄድኩ’ ብሎ በየቀኑ ተመለሰ” አለች በመጨረሻ። “አንድ ቀን ‘ልምጣ’ ብሎ አልተመለሰም።”

“አዎ።”

“እንግዲያው ቃሏ ምንም አትሠራም ማለት ነው።”

“ምንም።”

“ያኛዋም አትገድልም፣ ይቺኛዋም አታድንም።”

“አባቴ ይህን ብትይው ከረሜላ ይገዛልሽ ነበር።”

ልጅቱ ጉልበቷን ለቀቀች። “ባቡሩ መሄድ ጀምሮ ነበር” አለች ቀስ ብላ። “እናቴ በአንድ እጇ ወንድሜን ታቅፋለች፣ በአንድ እጇ የምሳ ዕቃውን በመስኮት ታቀብለናለች። አባቴ ‘ቶሎ በይ’ ይላታል። ወንድሜ ይጮሃል።”

“ታዲያ ምን ትበል?”

“ ‘ሄደሽ ነይ’ ልትል ነበር መሰለኝ። ቦታ አልበቃትም።” ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረና አለቀሰች፤ ግን ሦስት ሳምንት ያስፈራት ልቅሶ አልነበረም፣ የናፍቆት ነው። አባቷ ምኑም አልገባውም፤ ግን ከበሩ መጥቶ ራሷን አቀፈ። ፊሽካው ግንባሯን ወጋትና “አባዬ፣ እዚህም አውቶቡስ አለ እንዴ?” አለችው በእንባዋ መሃል።

ነርሷ የእጇን ምት እንደገና ቆጠረች። ሰዓቷን አየች። ደግማ ቆጠረች። “እንሂድ” አለች።

ኮሪደሩ ረጅም ነው። አልጋውን ሁለት ሰዎች ይገፋሉ፣ ኢሳኪሙቱ በቀኝ፣ አሪቩኮዲ በግራ ይከተላሉ። “እንግዲህ የሚሠራው ዶክተሩ ነው ማለት ነው” አለች ኩዛሊ ጣሪያውን እያየች። “ጎበዝ ነው?”

“እጁ ጥሩ ነው ይላሉ።”

“በጣም?”

“እጅግ በጣም።”

በሩ ጋ ነርሷ እጇን ዘርግታ ሸኚዎቹን አስቆመች። ኢሳኪሙቱ ጎንበስ ብሎ “ሄደሽ ነይ የኔ ወርቅ፣ ሄደሽ ነይ” አለ። መልሱን ጠበቀ። ልጅቱ አንገቷን ከትራሱ ቀና አደረገች። አንዴ እሱን፣ አንዴ አሪቩኮዲን አየች። ዓይኗ ውስጥ ተንኮል ነበረ፤ ያሰላችውን ነገር አሁኑኑ በራሷ ላይ ልትሞክረው ነው።

“ሄድኩ” አለች ጥርት አድርጋ።

ኢሳኪሙቱ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። አልጋው ገባ። አሪቩኮዲ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ኮራች፤ አባቷ ቢያይ፣ የእሱ እውነተኛ የልጅ ልጅ ይህች ናት አለች በልቧ። ወዲያው ግን ኩራቱ ከውስጧ ወጥቶ ጠፋ። በሩ በቀስታ እየተዘጋ ነበር። ሃምሳ ሁለት ዓመት ዕድሜዋን ሙሉ ሮጣ የማታውቅ ሴት፣ ነርሷን ገፍታ ሮጣ የበሩን ክፋይ በትከሻዋ ያዘች።

“ኩዛሊ። ሄደሽ ነይ። ሰማሽ? ሄደሽ ነይ።”

ከውስጥ፣ ከመንኮራኩሩ ጩኸት መሃል፣ የልጅቱ ሳቅ መጣ። “እትዬ፣ ቃሏ ምንም አትሠራም አላሉኝም?”

“አትሠራም” አለች አሪቩኮዲ፣ ጉንጯን በሩ ላይ አስደግፋ። “ምንም አትሠራም። አንቺ ብቻ ‘ልምጣ’ በይኝ።”